በግራንድ ፕሬሪ በኩል ወደ ቪየና

[ግራንድ ፕሬሪ፣ ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ፤ ቅዳሜ ጧት። መኪና ጎን ለጎን የሚጋፋበት ሰፊ ጎዳና። ከዳሩ የሲሚንቶ የእግረኛ መንገድ አለ፤ እግረኛ ግን የለም። ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ፣ ሙሉ ልብስ ከነከረባታቸው ለብሰው፣ አንድ ባለጎማ ሻንጣ መካከላቸው አድርገው ቆመዋል። መዝገቡ የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር ነው። እንድሪያስ ከመጋዘን ሥራ ጡረታ ወጥቷል።]

መዝገቡ፦ በቀኝ ቁም አልኩህ እኮ! በቀኝ!

እንድሪያስ፦ ቆምኩ።

መዝገቡ፦ ይሄ ግራ ነው።

እንድሪያስ፦ ቅድም ቀኝ ነበር።

መዝገቡ፦ ቅድም ፊትህ ወደ ጎማ ቤቱ ነበራ! አሁን ዞርክ። ስትዞር ቀኝህም አብሮህ ይዞራል።

እንድሪያስ፦ እኔ የዞርኩት ጥላ ፍለጋ ነው።

መዝገቡ፦ ኤስካሌተር ላይ ጥላ አይፈለግም።

እንድሪያስ፦ ኤስካሌተሩስ የታለ?

መዝገቡ፦ አለ ብለህ አስብ! ይህ ሲሚንቶ ኤስካሌተር ነው። ወደ ምድር ባቡሩ እያወረደን ነው። የማይቸኩል በቀኝ ይቆማል፤ የሚቸኩል በግራ ያልፋል። በግራ የቆመ ሰው ከመላው ቪየና ጋር ተጣላ ማለት ነው።

እንድሪያስ፦ እኛ እንቸኩላለን ወይስ አንቸኩልም?

መዝገቡ፦ ሽማግሌ ነን፤ አንቸኩልም።

እንድሪያስ፦ የቪየናው አቶ ክፍሉ ደግሞ «ከቀጠሯችሁ ካረፈዳችሁ በሬን አልከፍትም» ብለዋል።

መዝገቡ፦ [ጥቂት አስቦ] እንግዲያው በቀኝ እንቆማለን፣ በልባችን እንቸኩላለን።

እንድሪያስ፦ እሱን እንኳ እችላለሁ። ከጧት ጀምሮ ልቤ እየቸኮለ ነው።

መዝገቡ፦ ልምምዱ ሰለቸህ መሰለኝ።

እንድሪያስ፦ አልሰለቸኝም። ግን የልጁ ነገር ያስፈራኛል፣ መዝገቡ። ወንድሜ ሲሞት ካሌብ የጫማውን ክር ማሰር አያውቅም ነበር። እኔ ነኝ ያሰርኩለት። አሁን ደግሞ የአቶ ክፍሉን ልጅ ሐዳሳን ካላገባሁ ብሎ እህል አልበላ ብሏል።

መዝገቡ፦ ለዚህ አይደል እኔን የመረጥከኝ! በል፣ አባትየው ምን እንዳሉ ድገምልኝ። ቃል በቃል።

እንድሪያስ፦ «ልጄን በስልክ አትጠይቁኝ። ስለዚህ ጉዳይ ብትደውሉም አላነሳም። እንደ ወጉ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹም ከአውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ ቤቴን ራሳቸው ፈልገው ያግኙ። ተቀባይ አልክም፣ እኔም አልወጣም።»

መዝገቡ፦ ከኛ በፊት ከስዊድን የመጡትን ሽማግሌዎችስ?

እንድሪያስ፦ ባቡር ጣቢያ ጠፍተው «ኑና ውሰዱን» ብለው ደወሉላቸው። እሳቸውም «ቤቴን ያጣ ሰው ነው ለልጄ ትዳር መንገድ የሚያሳየው?» ብለው ከነሻንጣቸው መለሷቸው።

መዝገቡ፦ አየህ! ስለዚህ ቪየናን እዚሁ ጨርሰን ነው የምንሄደው። ከቤት እስከ ጋራዥ እንኳ በእግሩ ሄዶ የማያውቅ የዳላስ ሰው አውሮፓ ሲገባ ከባሕር እንደወጣ ዓሣ ነው። በል ጎትት። አሁን ኦፔራው ጋ ደርሰናል።

እንድሪያስ፦ የዕቃ ማስቀመጫ መጋዘኑ ጋ ነው የደረስነው። መኪናዬን ያቆምኩበት።

መዝገቡ፦ አስብ ብያለሁ! መጋዘኑ ኦፔራ ነው። ያ መኪና ማጠቢያ የዳኑብ ወንዝ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ባለ ቡናማ በር የአቶ ክፍሉ ቤት ነው።

እንድሪያስ፦ የጥርስ ሐኪም ቤት ነው እኮ። እዚያ ነው ሁለት ጥርሴን የተነቀልኩት።

መዝገቡ፦ ዛሬ ልጅ የምታገኝበት ቤት ነው። በል፣ ትራም መጣ! ግባ!

[ሁለቱም አንድ እርምጃ ወደፊት ይራመዳሉ። እንድሪያስ ሻንጣው ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ይላል።]

መዝገቡ፦ ተነስ! ትራም ውስጥ ሻንጣ ላይ አይቀመጥም። ቆመህ ይህን ብረት ያዝ።

እንድሪያስ፦ [አየሩን ጨብጦ] ያዝኩ።

መዝገቡ፦ ዝቅ አድርገህ ተናገር። ትራም ውስጥ አይጮህም። እዚያ ሰው ሐሳቡን ለብቻው ይዞ ነው የሚሄደው።

እንድሪያስ፦ [በሹክሹክታ] ሁሉም ተጣልተው ነው?

መዝገቡ፦ ሰላም ስለሆኑ ነው ዝም ያሉት።

እንድሪያስ፦ [በሹክሹክታ] እኔና ባለቤቴ ዝም ከተባባልን ግን ሰላም ሆኖ አያውቅም።

መዝገቡ፦ ትኬትህስ?

እንድሪያስ፦ በር ላይ ማን ጠየቀኝ?

መዝገቡ፦ ማንም አይጠይቅህም! ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሚዘጋ በር የለም፣ ዘብ የለም። ገብተህ መሄድ ትችላለህ። ግን ሰው ሁሉ በገዛ እጁ ትኬቱን ቆርጦ፣ በገዛ እጁ ማሽኑ ላይ ማህተም አስመትቶ ይሳፈራል። እስቲ አስበው፣ እንድሪያስ። ማንም ሳያየው የሚታመን ሕዝብ! እኔ ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እንድሪያስ፦ ትኬት ሳይቆርጥ የገባ ሰውስ ምን ይሆናል?

መዝገቡ፦ እንደማንም ተራ ሰው ለብሶ ከጎንህ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ ድንገት መታወቂያውን አውጥቶ ይቀጣዋል።

እንድሪያስ፦ እንዲያማ ከሆነ አምነው ሳይሆን ፈርተው ነዋ የሚቆርጡት።

መዝገቡ፦ [ይደናገራል] እሱን… እሱን ሌላ ጊዜ እናየዋለን። አሁን ተቆጣጣሪው እኔ ነኝ። ትኬት!

[እንድሪያስ ኪሱን ፈትሾ የነዳጅ ማደያ ደረሰኝ ይሰጠዋል።]

መዝገቡ፦ ማህተም የለውም።

እንድሪያስ፦ ማሽኑ የት አለ?

መዝገቡ፦ በሩ አጠገብ አልፈኸዋል።

እንድሪያስ፦ አለ ብለህ አስብ አላልከኝም። ማሽኑን በሐሳቤ አላስገባሁትም።

መዝገቡ፦ ተቀጥተሃል። ውረድ!

[ይወርዳሉ፤ ማለትም አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይራመዳሉ።]

እንድሪያስ፦ አንተ ግን አውሮፓን ይህን ያህል ያወቅኸው መቼ ነው?

መዝገቡ፦ ፍራንክፈርት ነበርኩ ስልህ!

እንድሪያስ፦ ስንት ዓመት?

መዝገቡ፦ ነገሩ በዓመት አይለካም። ሰው አንድ ቦታ ዕድሜውን ሙሉ ኖሮ ምንም ሳያይ ሊሞት ይችላል።

እንድሪያስ፦ ስንት ወር ታዲያ?

መዝገቡ፦ በወርም አይለካም።

እንድሪያስ፦ ሌሊት የት ነበር የምታድረው?

መዝገቡ፦ ወንበር ላይ።

እንድሪያስ፦ የምን ወንበር?

መዝገቡ፦ አውሮፕላን መሳፈሪያው በር ፊት ለፊት ያለ ወንበር። የማገናኛው በረራ አምልጦኝ ነበር።

እንድሪያስ፦ ከተማውስ ምን ይመስላል?

መዝገቡ፦ በመስኮት ሲያዩት ጭጋግ ነው።

እንድሪያስ፦ ጭጋግ ብቻ?

መዝገቡ፦ ጭጋጉ ግን የአውሮፓ ጭጋግ ነው! ሥርዓት አለው። ደግሞስ ከዚያ በኋላ ስንት ቪዲዮ አይቻለሁ! ቪየናን በስልኬ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄጄባታለሁ። ቁም! ቀይ ነው!

[የእግረኛ ማቋረጫ ጋ ደርሰዋል። እንድሪያስ የመብራቱን ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል።]

መዝገቡ፦ አንድ ጊዜ ይበቃል። አሁን ልብ አድርገህ ስማ። ቪየና ውስጥ በዓይን የሚታይ አንድም መኪና ባይኖር እንኳ፣ መብራቱ ቀይ ከሆነ ሰው አይሻገርም።

እንድሪያስ፦ መኪና ከሌለ ማንን ነው የሚጠብቁት?

መዝገቡ፦ መብራቱን! ሕግ ያለው መኪናው ላይ አይደለም፤ ሰውየው ውስጥ ነው። ሰው ማንነቱ የሚታወቀው ባዶ መንገድ ፊት ብቻውን ሲቆም ነው።

እንድሪያስ፦ አረንጓዴ ሆነ።

[ሻንጣውን እየጎተቱ ይገባሉ። መሃል ሳይደርሱ መብራቱ ተመልሶ ይቀላል። መኪኖች ጡሩምባ ይነፋሉ።]

እንድሪያስ፦ ቀይ ሆነ። እንቁም?

መዝገቡ፦ ሩጥ!

እንድሪያስ፦ ሕጉ ሰውየው ውስጥ ነው አላልክም?

መዝገቡ፦ ሰውየው መጀመሪያ ይትረፍ! ሩጥ!

[እያለከለኩ ማዶ ይደርሳሉ። አንዲት ነጭ መኪና ፍሬን ይዛ አጠገባቸው ትቆማለች። መስኮቱ ይወርዳል፤ ሜስኪት ሰፈር የምትኖረው የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ሸዋረገድ ናት፤ የሥራ ልብሷን ለብሳለች።]

ሸዋረገድ፦ ኢየሱስ! ጋሽ መዝገቡ? ጋሽ እንድሪያስ? ምን ሆናችሁ? መኪናችሁ ተበላሸ?

መዝገቡ፦ [ለእንድሪያስ፣ በሹክሹክታ] ምንም እንዳትነግራት። ሽምግልና ሳያልቅ አይወራም። እሷ ከሰማች ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ሰማ ማለት ነው።

እንድሪያስ፦ መኪናችን ደህና ነው፣ ሸዋዬ።

ሸዋረገድ፦ ታዲያ በዚህ ፀሐይ በእግር የት ነው የምትሄዱት?

እንድሪያስ፦ ቪየና።

[መዝገቡ በክርኑ ይጎስመዋል።]

ሸዋረገድ፦ የት?

እንድሪያስ፦ ቪየና ነዋ። አውሮፓ።

ሸዋረገድ፦ በእግር?

እንድሪያስ፦ በእግር ብቻ አይደለም። በትራምም ነው።

ሸዋረገድ፦ [ግራ ቀኙን እያየች] ትራሙ የታለ?

እንድሪያስ፦ አሁን ወረድን። ትኬቴ ማህተም ስላልነበረው ተቀጣሁ።

ሸዋረገድ፦ [እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ] ጋሽ መዝገቡ፣ እርስዎ እንኳን የተማሩ ነዎት፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ይሄ ሻንጣ ምንድን ነው? ከቤት አስወጧችሁ? ማለቴ፣ የቤት ኪራይ ነው? ልጆቻችሁ ናቸው?

መዝገቡ፦ ምንም አልሆንንም፣ ልጄ። ሂጂ፣ ሥራሽ ይረፍድብሻል።

ሸዋረገድ፦ ኦኬ፣ ሥራው ይቅር። ኮል አድርጌ አልመጣም እላለሁ። ግቡ! ኤሲ አለ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አለ።

[እንድሪያስ ውኃ ሲባል ወደ መኪናው በር ይሄዳል። መዝገቡ በኮቱ ጅራት ይይዘዋል።]

መዝገቡ፦ አትግባ! ቪየና ውስጥ ሸዋረገድ የለችም!

ሸዋረገድ፦ የለችም? ጋሽ መዝገቡ፣ እዚሁ ነኝ እኮ! አያዩኝም?

መዝገቡ፦ አይሻለሁ። ግን ለእኛ የለሽም።

ሸዋረገድ፦ [እንባዋ እየመጣ] ወይ አምላኬ! ይህን የመሰለ ጭንቅላት! ሶ፣ ዝም ብዬ አልሄድም። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የስልክ ጸሎታችን አሁን ክፍት ነው። ከሲያትል እስከ አውሮፓ ሰው ሁሉ መስመሩ ላይ አለ። የጸሎት ርዕስ አድርጌ አስገባችኋለሁ።

መዝገቡ፦ የለም፣ የለም፣ አያስፈልግም!

እንድሪያስ፦ ይሁን አስገቢን፣ ሸዋዬ። ጸሎት አይጠላም። ልክ እንዳየሽን ንገሪያቸው፤ ቆመን እንዳየሽን።

[ሸዋረገድ ዓይኗን እየጠረገች፣ በአንድ እጇ ስልኳን እየነካካች ትሄዳለች።]

መዝገቡ፦ አንተ ሰው ጤነኛ ነህ? አትንገር አላልኩህም?

እንድሪያስ፦ ሽምግልና አላልኳት። ቪየና ነው ያልኳት።

መዝገቡ፦ ለዚህ ነው ንግግሩን ለእኔ የተውከው። አንተ ከሰው ፊት ቆመህ ጭንቅላትህን ከመነቅነቅ በቀር ምንም እንዳትል። በል ና፣ የአቶ ክፍሉ ቤት ደረስን።

[የጥርስ ሐኪም ቤቱ ደጅ። ተዘግቷል፤ ጥላም የለም። መዝገቡ ከረባቱን አስተካክሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል።]

መዝገቡ፦ አሁን ንግግሬን ስማ። «ክቡር አቶ ክፍሉ ሆይ! የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነገር ሲፈልግ ኖሯል። አንደኛው እውነት ነው…»

እንድሪያስ፦ ሁለተኛው?

መዝገቡ፦ እሱ ጋ ለመድረስ ገና ነው። መጀመሪያ ስለ እውነት አብራራለሁ።

እንድሪያስ፦ ካሌብ የሚባለው ስም መቼ ነው የሚመጣው?

መዝገቡ፦ መጨረሻ ላይ፤ ሰውየው በደንብ ከበሰሉ በኋላ።

[መዝገቡ ስለ እውነት ያብራራል። እንድሪያስ ክብደቱን ካንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወረ ይሰማል። በመጨረሻ የእንድሪያስ ስልክ ይጮሃል።]

እንድሪያስ፦ ካሌብ ነው። ሄሎ፣ ልጄ… አለሁ… ቀስ በል… በአማርኛ በለው… እሺ፣ በእንግሊዝኛም ይሁን፣ ብቻ ቀስ በል።

መዝገቡ፦ ምን አለ?

እንድሪያስ፦ «ጋሼ፣ ሆምለስ ሆነሃል?» ይለኛል።

መዝገቡ፦ ምን?

እንድሪያስ፦ ሐዳሳ እያለቀሰች ደወለችለት። እናቷ ወይዘሮ አበዛሽ የስልክ ጸሎቱ ላይ ነበሩ። «ዳላስ ውስጥ ቤታቸውን ላጡ፣ ሻንጣቸውን ይዘው በእግራቸው ቪየና ለመግባት ለተነሱ ሁለት አባቶች እንጸልይ» ተባለ። ከዚያ ስማችን ተጠራ።

መዝገቡ፦ ስም ጠርታ?

እንድሪያስ፦ ጸሎቱ ለሌላ ሰው እንዳይሄድ ነዋ።

መዝገቡ፦ አቶ ክፍሉስ ሰሙ?

እንድሪያስ፦ [ወደ ስልኩ] አባትየውስ ሰሙ ወይ?… እ… እ… «ቤት የሌላቸው ሰዎች፣ ያውም አእምሯቸው ተነክቶ፣ ልጄን ሊጠይቁ ነው?» አሉ። ራሳቸው ሊደውሉልኝ ነው… እሺ፣ ና ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ።

[ስልኩን ይዘጋል።]

እንድሪያስ፦ ከሌዊስቪል ወደዚህ ተነስቷል።

መዝገቡ፦ አለቀልን! የልጁን ዕድል እኮ በገዛ አፍህ ዘጋኸው፣ እንድሪያስ! ቆይ… ቆይ፣ ላስብ። «ለጤና የእግር ጉዞ እያደረግን ነበር» እንላለን።

እንድሪያስ፦ በከረባት?

መዝገቡ፦ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ።

እንድሪያስ፦ ቅዳሜ ነው። ሻንጣውስ?

መዝገቡ፦ ሻንጣው… ክብደት ነው። ክንዳችንን የምናጠነክርበት።

እንድሪያስ፦ ቪየና ያልኩትስ?

መዝገቡ፦ እሱን ፀሐይ መትቶት ነው እላለሁ።

እንድሪያስ፦ እኔን?

መዝገቡ፦ ለልጅህ ስትል አንድ ቀን ብታብድ ምን አለበት?

[ስልኩ እንደገና ይጮሃል። መዝገቡ ከእንድሪያስ እጅ ነጥቆ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል።]

ክፍሉ፦ [ከስልኩ] ሄሎ? አቶ እንድሪያስ?

መዝገቡ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ክቡር አቶ ክፍሉ! መዝገቡ ነኝ፤ ቃል አቅራቢው ሽማግሌ።

ክፍሉ፦ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ቤት አላችሁ ወይስ የላችሁም?

መዝገቡ፦ ቤት… ቤት የሚባለው ጥልቅ ነገር ነው፣ አቶ ክፍሉ። የሰው ልጅ በዚህ ምድር ላይ እንግዳ ነው ብለን ከተነሳን…

ክፍሉ፦ [ወደ ጎን] የላቸውም፣ አበዛሽ!

እንድሪያስ፦ [ስልኩን መልሶ እየነጠቀ] አለን! አለን! እንድሪያስ ነኝ። ቤት አለን፣ መኪናም አለን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የጎደለብን የለም።

ክፍሉ፦ መኪና ያለው ሰው ለምን ሻንጣ እየጎተተ በእግሩ ይሄዳል?

እንድሪያስ፦ ተቀባይ አልክም ስላሉን በእግርና በትራም ነው የምንመጣው። ቤትዎን ፈልጎ ማግኘት እየተለማመድን ነው።

ክፍሉ፦ የት ነው የምትለማመዱት?

እንድሪያስ፦ ግራንድ ፕሬሪ።

ክፍሉ፦ የእኔን ቤት? ግራንድ ፕሬሪ?

እንድሪያስ፦ አገኘነው እኮ። ኤስካሌተሩ ላይ በቀኝ ቆምን፤ እኔ ትንሽ ተሳሳትኩ እንጂ። ኦፔራውን አለፍን፣ ዳኑብን ተሻገርን። ሰው መንገድ አልጠየቅንም። አንዲት እህት በመኪና ላድርሳችሁ ብላ ለመነችን፣ እምቢ አልናት። አሁን በርዎ ላይ ነን።

[መዝገቡ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዟል።]

ክፍሉ፦ ምን እየሠራችሁ?

እንድሪያስ፦ ቆመናል።

ክፍሉ፦ ለምን ጥላ አትይዙም? አረፍ አትሉም?

እንድሪያስ፦ ሽማግሌ የመጣበት ነገር መልስ ሳያገኝ አያርፍም። እርስዎም ወጉን ያውቁታል።

አበዛሽ፦ [ከስልኩ፣ ከሩቅ] ክፍሉ! ያ አገር ፀሐዩ ሰው ያቀልጣል ብላለች ሸዋረገድ! ሁለት ሽማግሌ ደጅህ ላይ ሊሞቱብህ ነው?

ክፍሉ፦ ደጄ ላይ አይደሉም፣ ሴትዮ! ቴክሳስ ናቸው!

አበዛሽ፦ ደጅህን ፈልገው አገኘነው ሲሉህ አልሰማህም? የስዊድኖቹ እዚሁ አጠገብህ መጥተው አጥተውት የለ እንዴ!

ክፍሉ፦ ቆይ… እስቲ ቆይ…

እንድሪያስ፦ አቶ ክፍሉ፣ እኔ ንግግር አላውቅም። ካሌብ የወንድሜ ልጅ ነው። አባቱ ቢኖር ዛሬ እዚህ የሚቆመው እሱ ነበር። እኔ በእሱ ቦታ ነው የቆምኩት፤ ስለዚህ ደከመኝ ብዬ ልሄድ አልችልም። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን።

[አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እየጮኸ ያልፋል። መዝገቡ አፉን ሊከፍት ሲል እንድሪያስ በእጁ ይከለክለዋል።]

ክፍሉ፦ [ድምፁ ለስልሶ] ሐዳሳን ከጠየቅኋት ቆይቷል። እሷ ቀድማ ቃሏን ሰጥታለች። የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ… በሉ ተቀመጡ።

እንድሪያስ፦ ምን አሉ?

ክፍሉ፦ ሰጥቻለሁ! ተቀመጡ አልኳችሁ!

[ከስልኩ ውስጥ የአበዛሽ እልልታ ይሰማል። እንድሪያስ ሻንጣው ላይ ዘፍ ይላል። መዝገቡ ከጎኑ በግማሽ ይቀመጣል፤ ሻንጣው ይንቋቋል።]

ክፍሉ፦ ለቀለበቱ ስትመጡ እኔ ራሴ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቼ እቀበላችኋለሁ።

መዝገቡ፦ [ወደ ስልኩ ተጠግቶ] አይድከሙ፣ አቶ ክፍሉ! መንገዱን እኔ አብጠርጥሬ…

እንድሪያስ፦ ይምጡልን! ይምጡልን፣ አቶ ክፍሉ! እግዚአብሔር ይስጥልን!

[ስልኩን ቶሎ ይዘጋል። ሁለቱም የሚያልፉትን መኪኖች ያያሉ። እንድሪያስ በከረባቱ ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል።]

መዝገቡ፦ ስለ ሁለተኛው ነገር እኮ ሳልናገር ቀረሁ።

እንድሪያስ፦ ለሠርጉ አቆየው። አሳጥረህ።

መዝገቡ፦ እኔን የሚገርመኝ ሰውየው ናቸው። «በስልክ አትጠይቁኝ፣ ብትደውሉም አላነሳም» ሲሉ አልነበረም?

እንድሪያስ፦ እኛ መቼ ደወልን? የደወሉት እሳቸው ናቸው። ራሱ የደወለ ሰው ደግሞ አላነሳም ማለት አይችልም።

መዝገቡ፦ [ቀስ ብሎ ዞሮ ያየዋል] እንድሪያስ።

እንድሪያስ፦ አቤት።

መዝገቡ፦ ሸዋረገድን «ቪየና እየሄድን ነው» ያልካት በየዋህነት አልነበረም?

እንድሪያስ፦ መኪናዋ ስትቆም ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ወይዘሮ አበዛሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ ጸሎት እንደማይቀሩ ካሌብ ነግሮኝ ነበር።

መዝገቡ፦ ቀኝና ግራ የተምታታብህስ?

እንድሪያስ፦ እሱ እውነቴን ነው። እስካሁንም አልገባኝም።

መዝገቡ፦ እኔ እዚህ ጭንቀት ሊገድለኝ! ሻንጣውን ክብደት ነው እስክል ድረስ! ይህን ሁሉ አስበህ ሳለ፣ ምነው አንድ ቃል ሹክ ብትለኝ?

እንድሪያስ፦ ብነግርህማ ለሸዋረገድ ታብራራላት ነበር።